የካውንስለሮች ማኅበራችን የሱፐርቪዥን ፕሮፖዛል፦ ረቂቁ ላይ እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡ

ጸሐፊዋ፦ ረቂቁ ግሩፑ ላይ ተለጥፏል። ሙሉ ፈቃድ ላልያዙ ካውንስለሮች በየሁለት ሳምንቱ የቡድን ሱፐርቪዥን (ኬዛቸውን ልምድ ላለው ባለሙያ እያቀረቡ የሚመካከሩበት)፣ ስድስት ስድስት ሰው፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ለሱፐርቫይዘሩ በሰዓት 1,500 ብር ከረጂው፣ ከአባል 200 ብር። ቦታው አራት ኪሎ አካባቢ። የአምናውን እንዳትደግሙት።

የካዛንቺስ ልጅ፦ 200 ብር? የኤንጂኦ ደመወዝ ያለው ይክፈል። እኔ የማገለግልበት ቦታ የታክሲ እንኳን አይሰጡኝም።

ገንዘብ ያዥ፦ አምና በነፃ ነበር። መጀመሪያ ቀን ወንበር ጠፋ። ወር ሳይሞላ ሱፐርቫይዘሯ ከጥበቃው ጋር ቡና ጠጥታ ተመለሰች። ነፃ ነገር ማንም አያከብርም።

ነባሩ፦ ብሩ ይቆይ። የሱፐርቪዥን ሰዓት መመዝገቢያው ቅጽ ላይ «የሱፐርቫይዘሩ ፊርማና ቲተር» ይላል። የማኅበሩ ክብ ማኅተምስ? ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዞ የሄደን ማን ያስተናግደዋል?

አራት ኪሎ፦ ጋሼ፣ ሥራችንን የሚያየው ሱፐርቫይዘሩ ነው። የሚመሰክርልንም እሱ ነው። ማኅበሩ ክፍሉ ውስጥ የለም።

ነባሩ፦ ቲተር እኮ ማንም ያስቀርጻል። ስታዲየም ዙሪያ ቁርስህን በልተህ ሳትጨርስ ይደርስልሃል።

ቅዳሜ ከሰዓት፦ ሰዓቱን በኤክሴል እንመዝግብ፣ እኔ እሠራዋለሁ። እስከ ሰኞ ታገኙታላችሁ።

የካዛንቺስ ልጅ፦ ለመሆኑ ማኅተሙ የት ነው ያለው? ፒያሳ የነበረችው ክፍል ከፈረሰች ወዲህ ያየው ሰው አለ?

ገንዘብ ያዥ፦ የት እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔን አታናግሩኝ።

የቀድሞው ሰብሳቢ፦ እዚሁ አለሁ እኮ! በቃለ ጉባኤ ተፈራርሜ ነው ያስረከብኩት። የተረከበው ሰው ስሙን ይናገር። በነገር መውጋት ይብቃ።

ገንዘብ ያዥ፦ ማኅተሙን አስረከቡ። የቀለሙን ሳጥንና የመሳቢያውን ቁልፍ ግን አላስረከቡም።

የቀድሞው ሰብሳቢ፦ ለቀለም ሳጥን ነው ስሜ የሚነሳው?! ማኅበሩ ሳንቲም በሌለው ጊዜ ኪራይ ከኪሴ የከፈልኩ ሰው ነኝ።

አራት ኪሎ፦ እባካችሁ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ረቂቁ ላይ «የቅርብ አለቃ ሱፐርቫይዘር መሆን ይችላል» የሚል ገብቷል። ይውጣ። የሥራ አፈጻጸሜን የሚሞላ ሰው ፊት «ትናንት ክላየንቴን ፈርቻት ነበር» አልልም። ማን ይላል? በቅርቡ አንዲት ክላየንት ሰዓቷን ጨርሳ፣ የበሩን እጀታ ይዛ፣ ራሷን ልታጠፋ አስባ እንደነበር ነገረችኝ። ቀጣዩ ሰው ውጭ ተቀምጧል። መልሼ አስቀመጥኳት፣ ጠየቅኳት፣ ቤተሰብ ተጠርቶ ወደ ሆስፒታል ሄደች። እኔስ ማታ ለማን ልንገር? ያን ቀን ጫማዬን ሳላወልቅ ነው አልጋ ላይ የተቀመጥኩት።

ነባሩ፦ ልጄ፣ ኬዝ እዚህ አይጻፍም። አዲስ አበባ ሁሉም ዘመድ ነው።

አራት ኪሎ፦ መለያ የሚሆን ነገር አልጻፍኩም። ደግሞ የምናገርበት ሌላ ቦታ ቢኖረኝ እዚህ ምን አመጣኝ?

የካዛንቺስ ልጅ፦ እውነቷን ነው። የእንግሊዙ የካውንስለሮች ማኅበር ቢኤሲፒ እውቅና ለሰጣቸው አባላቱ እንኳን በወር ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ሱፐርቪዥን ይጠይቃል። እነዚያ ጀማሪ አይደሉም። አሜሪካ ደግሞ የካውንስሊንግ ትምህርትን ከሚመዝነው ካክሬፕ እውቅና ባገኘ ትምህርት የማስተርስ ተማሪው 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ አለበት፤ 240ው ከክላየንት ጋር ነው። ከምረቃ በኋላም እንደየስቴቱ 2,000 እና 3,000 ሰዓት ይቆጥራሉ። እኛ ማኅተም እንፈልጋለን።

ነባሩ፦ ታዲያ እነሱስ ያለ ማስረጃ ነው የሚቆጥሩት?

የካዛንቺስ ልጅ፦ ጋሼ፣ ይሄ የማኅተም አምልኮ ነው።

ነባሩ፦ ምን አልክ አንተ? እኔ ካውንስሊንግ ስጀምር አንተ ዩኒፎርም ለባሽ ነበርክ።

ጸሐፊዋ፦ ኧረ በፈጠራችሁ! ልዘጋው ነው።

የካዛንቺስ ልጅ፦ ይቅርታ ጋሼ። ጾሙ ነው መሰለኝ፣ ምላሴ አመለጠኝ።

ነባሩ፦ ይሁን። ግን ማኅተም ይግባ።

የቀድሞው ሰብሳቢ፦ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ጎበዝ ካውንስለር ሁሉ ሱፐርቫይዘር አይሆንም። አሜሪካዊቷ የሱፐርቪዥን ምሁር በርናርድ እ.ኤ.አ. በ1979 የሱፐርቫይዘሩን ሥራ ሦስት ሚና ብላ ከፋፍላዋለች፦ አስተማሪ፣ ካውንስለር፣ እንደ ባልደረባ አብሮ የሚያስብ አማካሪ (ኮንሰልታንት)። እኛ ጋ አብዛኛው ሰው ከአስተማሪው አይወርድም። ልጆቹን ይገስጻል፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል። መጀመሪያ ሱፐርቫይዘሮቹ ይሠልጥኑ።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄ ያስኬዳል። ረጂው ስልጠና ሲባል ይገባዋል። በየሁለት ሳምንቱ ስድስት ሰው ክፍል ዘግቶ ሲያወራ ግን በምን ፎቶ ሪፖርት እናደርጋለን?

አራት ኪሎ፦ ፎቶ?! ሱፐርቪዥን ውስጥ?

ጸሐፊዋ፦ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኤክሴሉስ? ሰኞ አልፏል።

የካዛንቺስ ልጅ፦ ኦንላይን ነው፣ አይመልስም።

ጸሐፊዋ፦ እሺ፣ ሦስተኛው ረቂቅ። ርእስ፦ የሱፐርቫይዘሮች ስልጠናና የሰዓት መዝገብ ሕትመት። የሁለት ቀን ስልጠና፣ ሆቴል አዳራሽ፣ ባነር፣ የታተመ መዝገብ፣ አዲስ ክብ ማኅተም። የቅርብ አለቃ የሚለው ወጥቷል። የየሁለት ሳምንቱ ቡድን «በሁለተኛ ምዕራፍ» ተብሎ ገጽ አራት ላይ አለ።

አራት ኪሎ፦ ሁለተኛው ምዕራፍ በጀት አለው?

ገንዘብ ያዥ፦ አዳራሹ በላው።

ነባሩ፦ ማኅተሙ ላይ ስማችን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይሁን። የአማርኛው ከላይ።

የቀድሞው ሰብሳቢ፦ ርክክቡም በቃለ ጉባኤ። ቀለሙ ከነሳጥኑ።

የካዛንቺስ ልጅ፦ እስከዚያ እኔ ኬዜን ይዤ ለማን ልሂድ?

ገንዘብ ያዥ፦ ስልጠናው ላይ ተመዝገብ። መመዝገቢያ 300 ብር ነው።