ማመስና መቁላት፣ ደግሞ ቆላ አገሩስ?

ጠያቂ፦
ሰላም ናችሁ። ትናንት ለሽሮ የሚሆን አተር ምጣድ ላይ አድርጌ እሳቱን ለቀቅኩበት። ሲንጣጣ የሰማችው እናቴ ከጓዳ ‹‹እመሺው እንጂ አትቁዪው!›› ብላ ጮኸችብኝ። እኔ ሁለቱ አንድ ይመስሉኝ ነበር። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ደሞ ቆላ የሚባለው ሞቃት አገር ስሙን ያገኘው ሰውን ስለሚቆላ ነው ወይስ ዝም ብሎ ገጥሞ ነው?

ባለምጣዷ፦
እናትሽ ልክ ናቸው። ማመስ እርጥበቱን ማባረር ነው፤ በለስላሳ እሳት፣ እጅሽ ሳያርፍ እያገላበጥሽ። የአተሩ ገለፈት ለቀቅ ሲል ይበቃዋል፣ ከዚያ ይከካል። መቁላት ግን መልኩ እስኪቀየርና ጥርስ ላይ እስኪንኮሻኮሽ ነው። ቡና ታመሰ ብትዪ ይስቁብሻል። ‹‹አገር ታመሰ›› የሚባለውም ከዚሁ ከማገላበጡ ይመስለኛል።

የግዕዝ ወዳጅ፦
ቆላን በተመለከተ፣ ልጅ ሆኜ እኔም እንደዛ ነበር የማስበው፤ ሲሰሙት ያምራላ። ግን አይደለም። የምጣዱ ቆላ ግዕዙ ቀለወ ነው፣ መጨረሻ ላይ የነበረችው ‹‹ወ›› ጠፋችና ድምጿን ‹‹ቀ›› ላይ ጥላበት ሄደች፣ ቈላ ሆነ። በዕብራይስጥም ቃሊ ማለት የተቆላ እህል ነው። ዓረብኛው ቀላ ደግሞ መጥበስ ነው (መቅላት እንዳይመስልሽ)፤ ኬሚስትሪ ላይ የተማርነው አልካሊ ራሱ ከዚሁ የዓረብኛ ሥር የመጣ ነው፣ ድሮ ተክል አቃጥለው ከአመዱ ስለሚያወጡት። አገሩ ግን ጉዳዩ ከሙቀት ሳይሆን ከዝቅታ ነው። ግዕዝ ቈላት ሲል ሸለቆ ማለቱ ነው፣ ‹‹ቈላተ ኢዮሳፍጥ›› እንደሚለው። ወደ ቆላ እንወርዳለን እንጂ መቼም አንወጣም። ሙቀቱ የመጣው ዝቅ ስላለ ነው፣ ከ1500 ሜትር በታች ሆኖ ምን ይሁን?

ሽንኩርት ከታፊ፦
ቁሌትን ረሳችሁት እንዴ! ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት የሚቁላላው ውሃውን እንዲጨርስ ነው፤ ድስቱ መጮህ ሲያቆምና ታች መያዝ ሲጀምር ነው ዘይት የሚገባው። ያው ቆላ ነው ግሡ። የቆሎ ተማሪም ቢሆን ቆሎን የመረጠው ወዶ አይመስለኝም፣ ደረቅ ስለሆነ አኩፋዳ ውስጥ ሰንብቶም አይበላሽማ።

ጠያቂ፦
ተባረኩ። የትናንቱ አተር እንግዲህ ተቆልቷል፣ ጨው ነስንሰን ከቡና ጋር ቆረጠምነው። ለሽሮው ሌላ እያመስኩ ነው፣ እናቴ አጠገቤ ቆማለች።