የሽልማት ጥቆማው ረቂቅ፦ ሐሳባችሁን ጻፉበት

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እሑድ ድሬዳዋ ከዚራ ስንገናኝ፣ ተሰደው የጠፉ ልጆችን በደብተር የሚመዘግቡትን የገንደ ቆሬዋን እናታችንን ለዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ሽልማት እንጠቁም ተባብለን ነበር። ረቂቁ ላይ «ሳካሮቭ» ብዬ ጽፌያለሁ። እርማት ካለ ዛሬውኑ ጣሉልኝ።

የሕግ ክፍል፦ እህቴ፣ ሳካሮቭን እርሺው። ሰጪው የአውሮፓ ፓርላማ ነው። እጩ የሚያቀርቡት እዚያው ያሉ የፖለቲካ ቡድኖች ወይም ቢያንስ 40 የፓርላማ አባላት ናቸው። የኛ ማኅተም እዚያ አይሠራም።

ሒሳብ ያዥ፦ አቦ! 50 ሺህ ዩሮው ቀረ በለኛ። ቀልዴን ነው። እኔስ ልቤ የቀረው በማንዴላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የመጀመሪያው ሲሰጣቸው ገና እስር ቤት ነበሩ።

የሕግ ክፍል፦ ልብህን ወደ ስቶክሆልም አዙረው። ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለው ሽልማት እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ አለ። ማንም ሰው ሌላውን መጠቆም ይችላል፤ ራስን መጠቆም ነው ክልክሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የኛዋ የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋች የትነበርሽ ንጉሤ ተሸልማበታለች።

ጸሐፊ፦ ቀየርኩት። አሁን ያስቸገረኝ ሁለተኛው ገጽ ነው። «ለስደተኞች መብት ያላሰለሰ ተጋድሎ ያደረጉ» የሚለውን ማነው የጻፈው? ይኼ እኮ ስለ ማንም ይባላል።

ከሳቢያን፦ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ። ቅዳሜ ቤታቸው ሄጄ ደብተሩን አየሁት። ጀርባው በፕላስተር ተጣብቋል። በየመስመሩ የልጁ ስም፣ ከቤት የወጣበት ቀን፣ መጨረሻ የደወለበት ስልክ። አንዱ ጋ «ከኦቦክ ደወለ፣ ጀልባ እየጠበቅን ነው አለ» ይላል፤ ኦቦክ ያው የጅቡቲው ወደብ ነው። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ልጁ ሲገኝ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምሩበታል። ቀዩ ጥቂት ነው።

ጸሐፊ፦ በቃ ይኸው! እንዳለ አስገባው።

ጋሼ (ሰብሳቢ)፦ ቆይ ልጆች። እሳቸውን ጠይቃችኋል? ስማቸው ከወጣ ልጆቹን የሚያሻግሩት ደላሎችም ያነቡታል። ደብተሩ ውስጥ የደላላ ስልክም አለ። የቤተሰቦቹም ስም የኛ አይደለም፣ እንደፈለግን አናወጣውም።

ሒሳብ ያዥ፦ እውነት ነው ጋሼ። ሙሽራዋን ሳንጠይቅ ጠላ ጠመቅን።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው ረቂቁ ይቆይ። ነገ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ እኔና የሳቢያኑ ወንድማችን እንሄዳለን። እሺ ካሉን ሦስት ታሪክ ያለ ስም እናስገባለን፣ ስልክ የሚባል አይገባም። እምቢ ካሉስ?

ከሳቢያን፦ እሺም አሉ እምቢ፣ ደብተር ገዝተን እንሂድ። ያኛው አልቆ ሽፋኑ ላይ ነው የሚጽፉት።