የአባዬን ስፔክትረም ኮምፒዩተር ከማብራቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

የመምህሩ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከአዳማ ነው። አባዬ የሒሳብ መምህር ነበር። እንግሊዝ አገር ለትምህርት ሄዶ ሲመለስ ሲንክሌር ዜድኤክስ ስፔክትረም ይዞ መጣ፤ የጎማ ቁልፍ ያለውን፣ ባለ 48 ኪሎባይቱን። ያኔ ከተማችንን ናዝሬት ነበር የምንላት። ስሜን በቴሌቪዥኑ ላይ ከላይ እስከ ታች ደርድሮ ሲያሳየኝ አልረሳውም። ካረፈ አምስት ዓመት ሆነው። ባለፈው ሳምንት እማዬ ቁም ሳጥኑን ስታጸዳ በነጠላ ተጠቅልሎ አገኘችው። የአዳማ አቧራ እንኳ አልነካውም።

እስካሁን አላበራሁትም። አዳፕተሩ ላይ 9 ቮልት፣ 1.4 አምፔር ይላል። ለብቻው ሰክቼ በቴስተር ስለካው ግን 13 ቮልት አሳየኝ። ተበላሽቷል ማለት ነው? አንድ ጠጋኝ «የሪሲቨር አዳፕተር ሰካበት» አለኝ፤ ልቤ እሺ አላለኝም። ደግሞም ምስሉ የሚወጣው በአንቴና ገመድ ብቻ ነው። በቢጫው የቪዲዮ ሶኬት እንዲወጣ ማድረግ እንደሚቻል ሰምቻለሁ። መበየድ እችላለሁ። ግን የአባዬ እጅ ያረፈበት ዕቃ ነውና እንዳላበላሸው ፈራሁ።

ሬዲዮ ሠሪው፦
ነፍሱን ይማረው ወንድሜ። አዳፕተሩ ደህና ነው። ውስጡ ትራንስፎርመርና ዳዮድ እንጂ ቮልቴጁን የሚቆጣጠር ነገር የለም። ጭነት ሳይኖርበት ከፍ ይላል፤ ኮምፒዩተሩ ሲስብበት ይወርዳል። የሪሲቨሩን ግን በፍጹም እንዳትሰካ! የስፔክትረም ሶኬት ከአብዛኞቹ የተገላቢጦሽ ነው፤ መሐሉ ኔጋቲቭ፣ ዙሪያው ፖዘቲቭ።

ከስር ያሉትን 5 ብሎኖች ፍታ። ክዳኑን ቀስ ብለህ አንሳው፤ ከኪቦርዱ ወደ ቦርዱ የሚወርዱ ሁለት ስስ የፕላስቲክ ሪባኖች አሉ። በዚህ ሁሉ ዓመት ደርቀዋል፤ ትንሽ ከተጎተቱ ይሰበራሉ። ቢሰበሩም አትደንግጥ፣ አዲስ ዛሬም ይመረታል፤ ከውጭ ማስመጣት ነው።

አሁን ዋናውን ስማኝ። የታችኛው 16 ኪሎባይት ሜሞሪ 4116 የሚባሉ 8 ቺፖች ናቸው። ሦስት ዓይነት ቮልቴጅ ይፈልጋሉ። በራሱ አዳፕተር አብርተህ የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ የቺፑ 16ኛ እግር ላይ ያዝ። 1ኛው እግር −5፣ 8ኛው +12፣ 9ኛው +5 ማሳየት አለበት። መርፌው ሁለት እግር አንድ ላይ እንዳይነካብህ። −5ቱ ከሌለ ያኔውኑ ንቀል፤ ያለ እሱ ቺፖቹ ይቃጠላሉ። እኔ በወጣትነቴ ሳልለካ የሰው ዕቃ ግማሽ ሰዓት አብርቼ ሦስቱን ገድያለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። −5ቱ ወይም 12ቱ ከጠፋ መጀመሪያ ኮይሉ፣ ማለትም የሽቦው ጥቅል፣ አጠገብ ያለውን ቲአር4 የተባለ ትራንዚስተር ፈትሽ።

የሐዋሳዋ፦
ጋሼ ያሉት ላይ ልጨምር። መሥራቱን ሳታረጋግጥ ምንም አትበይድ። አለበለዚያ ምስል ቢጠፋ ጥፋቱ የማሽኑ ይሁን የአንተ አታውቅም። መጀመሪያ በአንቴና ገመድ ዩኤችኤፍ ቻናል 36 ላይ ፈልገው። የእንግሊዙም የኛም የድሮ ቴሌቪዥን ፓል በሚባለው የቀለም አሠራር ስለሆነ ቀለሙ አያስቸግርህም።

ከዚያ በኋላ ሞዱሌተሩ፣ ማለትም ምስሉን ለአንቴና ገመድ የሚያዘጋጀው የብረት ሳጥን፣ ውስጥ ሁለት ሽቦ ይገባል፤ አንዱ 5 ቮልት፣ ሌላው ምስሉ። ሁለቱንም ንቀል። የ5 ቮልቱን ጫፍ በቴፕ በደንብ ጠቅልለው። በሳጥኑ ውስጥ ከአንቴናው ሶኬት መሐል ላይ የተበየደውን ሬዚስተር አንድ እግር ብቻ አንሳ፤ አትቁረጠው። የምስሉን ሽቦ እዚያ በይደው። ነገ ወደ ነበረበት ልመልሰው ብትል ሁሉም ነገር በቦታው አለ። ድምፁ ከራሱ ከኮምፒዩተሩ ስለሚወጣ ተጨማሪ ገመድ አያስፈልግህም።

የመምህሩ ልጅ፦
ጋሼ፣ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካሁት። −5.1፣ 11.9 እና 5.0። በጎረቤት አሮጌ ቴሌቪዥን ቻናል 36 ላይ ሰካሁት። መጀመሪያ ጥቁር ሆነ፤ ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ ነጭ ሆኖ ከታች «1982 ሲንክሌር ሪሰርች» የሚለው ጽሑፍ መጣ። እማዬን ጠራኋት። ቆማ ብዙ አየችው።

ከኪው እስከ ቲ ያሉት 5 ቁልፎች አይሠሩም። ሪባኑ ላይ ስንጥቅ አይቻለሁ፤ አዲስ አዝዣለሁ። ብየዳውን ከዚያ በኋላ እደርስበታለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ስፔክትረም ፕሮግራሙን የሚያነበው ከካሴት ነው፤ ነጠላው ውስጥም አንድ ካሴት ነበር። በአባዬ እጅ ጽሑፍ «የ8ኛ ክፍል ውጤት» ይላል። ክሩ ደህና ይመስላል። አዳማ ውስጥ የጆሮ ማዳመጫ ሶኬት ያለው ካሴት ማጫወቻ የሚያውሰኝ ሰው አለ?