የሬስሊንግ ጨዋታችን ሁሉም ዘመን አንድ ዓይነት ሆነብን፣ ምን ይሻላል?

ጠያቂ (ቱሉ ዲምቱ)
ሰላም ቤተሰብ! ከጎረቤት ልጆች ጋር በካርድና በዳይስ የሚጫወቱት የሬስሊንግ ጨዋታ እየሠራን ነው። ሦስት ዘመን መረጥን፦ 1908፣ 1950ዎቹና 1987 (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ግን ልዩነታቸው ልብስ ብቻ ሆነ። የ1908ቱ ሬስለር ከገመድ ላይ እየዘለለ ነው! እባካችሁ እርዱን።

መልስ (ለገጣፎ)
ወንድሜ፣ ልብሱን ተወውና መጀመሪያ ግጥሚያው እንዴት እንደሚያልቅ ወስን። ዘመኑን የሚለየው እሱ ነው። በ1908 ቺካጎ ላይ ፍራንክ ጎች ጆርጅ ሃከንሽሚትን ሲያሸንፍ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጅቶበታል። አብዛኛው ቆሞ መያያዝና መገፋፋት ነበር። መጨረሻ ላይ ሃከንሽሚት ደክሞት እጁን ሰጠ። ስለዚህ የመዝለል ካርዶችን በሙሉ አውጣ። ለእያንዳንዱ ሬስለር 20 የሽምብራ ፍሬ ስጠው። ተቆልፎ በተያዘ ቁጥር አንድ ይከፍላል። ሽምብራው ያለቀበት ተሸነፈ። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ያ ዘመን ራሱ እንደዚያ ነበር።

መልስ (ሱሉልታ)
ለ1950ዎቹ ደግሞ ቴሌቪዥንን አስቡ። ጎርጀስ ጆርጅ የሚባለው ሬስለር ፀጉሩን ወርቃማ አስቀልሞ፣ ካባ ደርቦ፣ አሽከሩ ሽቶ እየረጨለት ነበር የሚገባው። ሕዝቡ ይጮህበታል፣ እሱ ግን ያንን ነው የሚፈልገው። ከግጥሚያው በፊት የመግቢያ ዙር ይኑር። ዳይስ ይጣልና የጩኸቱ ነጥብ በኋላ ዳኛው ሳያይ ለማጭበርበር ይዋል።

መልስ (ኮተቤ)
ልጆች፣ 1987ን በቪዲዮ ካሴት ደጋግሜ ያየሁት ነው። ሀልክ ሆጋን ግዙፉን አንድሬ ዘ ጃይንትን ግጥሚያው ገና ሲጀምር ሊያነሳው ሞክሮ አቃተው፣ እላዩ ላይ ወደቀበት። መጨረሻ ላይ ግን አንስቶ አፈረጠው! የ"ማንሳት" ካርድ በመጀመሪያ ዙር በግዙፍ ሰው ላይ አይሥራ። የሕዝብ ድጋፍ ሲሞላ ብቻ ይሥራ። መዝለል ከወደዳችሁ መዝለል የሚበዛበትን የሜክሲኮ ሬስሊንግ ጨምሩ። እዚያ በልማዱ ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈ ነው የሚረታው፣ አንዳንዴም የለበሱትን ጭምብል ለውርርድ ያስይዛሉ።

ጠያቂ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን! ጎች ከሆጋን ጋር ቢገጥምስ፣ በማን ሕግ?

መልስ (ለገጣፎ)
ዳይስ ጣሉ። ከፍተኛ ቁጥር ያመጣው ዘመኑን ይምረጥ። ሆጋን ሽምብራ ሲከፍል ማየት ራሱ ደስ ይላል።