የእማማ ግቢ ኮክ ደረሰ፣ ሰው ጠርቶ ለመብላት እንዴት ብናደርግ ይሻላል?

የግንፍሌ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። አራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ወረድ ብሎ አያቴ ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ የኮክ ዛፍ አለ፣ እኔ ሳልወለድም የነበረ ነው፣ ዘንድሮ ምን እንደነካው እንጃ ቅርንጫፉ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ችግሩ ታውቁታላችሁ፣ ኮክ አንዴ ከደረሰ አይጠብቅም፣ ዛሬ ጥሬ ነው ያላችሁት በሶስተኛው ቀን ዝናቡ አርግፎት ጭቃ ላይ ታገኙታላችሁ። ድሮ እማማ የመጀመሪያውን ለቀማ ሰፌድ ላይ ታደርግና ከላይ ቅጠሉን ጣል ጣል አድርጋ እኛን በየጎረቤቱ ትልከን ነበር፣ እኛ እራሳችን አንድ ፍሬ ሳንቀምስ እኮ ነው!! ሰፌዱ ደግሞ ባዶውን አይመለስም፣ ወይ ቆሎ ወይ ሁለት ሶስት እሸት በቆሎ ተደርጎበት ነው የሚመጣው። አሁን ግን ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሰፈር ፈርሶ ሰው ሁሉ ተበትኗል፣ አንዱ ገላን፣ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ። እማማ ግን የጎረቤት ድርሻ ሳይወጣ አይበላም ብላ ድርቅ አለች። እና ምን አሰብኩ፣ ሰፌዱ መሄድ ካልቻለ ሰዉ ይምጣ፣ ዘመድም ጓደኛም የድሮ ጎረቤትም ጠርተን እዛው ለቅመን እዛው እንብላ። ቅርንጫፉ ሳይሰበር እንዴት ነው የሚለቀመው? ደግሞ ፍልሰታ ነው፣ ሰው ይመጣል ትላላችሁ? የሚተርፈውስ?

አሮጌ ብረት፦
በዱላ እንዳትመቱት ብቻ፣ አደራ። ኮክ የከርሞውን ፍሬ የሚይዘው ዘንድሮ በበቀለው ቅርንጫፍ ላይ ነው፣ እሱን ሰበርክ ማለት የሚቀጥለውን ዓመት ሰበርክ ማለት ነው። መውጣትም በዚህ ዝናብ አይታሰብም፣ ግንዱ ያንሸራትታል፣ እኔ በልጅነቴ ወድቄ እጄን ወጌሻ ነው ያሸኝ። ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሰድና ቂጡን ቆርጠህ ጣለው፣ የተቆረጠውን ጠርዝ በመቀስ እንደ መጋዝ ጥርስ አድርገው፣ አፉን ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ሰክተህ በሽቦ ጥብቅ አድርገህ እሰር። ከዛ ፍሬውን ከስር ታስገባዋለህ ትንሽ ጠምዘዝ ስታደርገው እራሱ ዱብ ይላል፣ አይላላጥም አይጨፈለቅም። መሬት የወደቀውን አትተዉት፣ ትሉ ከዛ ነው አፈር ገብቶ የሚራባው፣ ልቀሙና ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩት። ስትበሉም ለሁለት ከፍላችሁ አይታችሁ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ኮክ የሚበላው ማታ መብራት ሲጠፋ ነው ይል ነበር 😂

የማርያም ወዳጅ፦
ኧረ ኮክ ምን ፍስክ አለበት፣ ፍራፍሬ እኮ ነው! ሰዓቱን ብቻ ተጠንቀቁ። ፍልሰታ ህፃናቱ ሳይቀሩ የሚፆሙትና የሚቆርቡበት ስለሆነ ጠዋት ከጠራሽ (ወንድ ከሆንክ ይቅርታ) ማንም አይመጣልሽም፣ ከቅዳሴ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አስር ሰዓት በሉ። ደግሞ ሲፆም የዋለ ሆድ ላይ ቀጥታ ኮክ እንዳትለቁበት፣ በተለይ ጥሬውን፣ ቁርጠቱ አያድርስ ነው፣ መጀመሪያ ሱፍ ፍትፍት ነገር አቀማምሱ ከዛ ኮክ ከዛ ቡና። ቀኑን ከጠየቃችሁኝ ነሐሴ 13 ቡሄ ዕለት አድርጉት። ልጆቹ ሆያ ሆዬ እያሉ መምጣታቸው አይቀር፣ ድሮ ሙልሙል ነበር የሚሰጠው አሁን ሁሉም ብር ሆኗል፣ እናንተ ኪሳቸውን በኮክ ሙሉላቸው፣ ያንን ቤት እስኪያድጉ አይረሱትም።

አራተኛ ፎቅ፦
እናንተ ታድላችሁ፣ እኔ ጋ ያለው ዛፍ በረንዳ ላይ በቀለም ጣሳ የተከልኩት ሬት ነው። የኛ የክረምት ወግ በለስ ነው። ነሐሴ ላይ ከስራ ስንወጣ አራት አምስት ሆነን ጊዮርጊስ አካባቢ ጋሪ ከበን እንቆማለን፣ ልጁ በግራ እጁ ይይዝና በቢላ ጫፍና ጫፉን ቀጭ ቀጭ፣ መሃሉን አንድ ጊዜ ሸርተት፣ በአውራ ጣቱ ልጣጩን ገለጥ ሲያደርገው ውስጡ ብቻ ቁጭ ብሎ ይቀርብላችኋል፣ እጃችሁ ልጣጩን ሳይነካ ቀጥታ ወደ አፍ። ልጣጩ ተቆጥሮ ትንሽ የበላ ነው የሚከፍለው፣ ስለዚህ ሁሉም ይሞታታል። አምና አንዱ ጓደኛችን እኔ እልጣለሁ ብሎ በባዶ እጁ ያዘና ያቺ ለዓይን የማትታይ እሾህ ጣቱን ሞላችው፣ ካፌ ቁጭ ብለን በፕላስተር እየለጠፍን ስንነቅልለት አመሸን። የዛን ቀን እሱ ነው የከፈለው፣ ሶስት ብቻ ነበር የበላው። ብዙ ከበላችሁ ግን ፍሬው ሆድ ያደርቃል፣ ዝርዝሩ ይቅርብኝ። እና ጥሪው ላይ እኔም አለሁበት ወይስ የድሮ ጎረቤት ብቻ ነው?

ጓዳ፦
ለሚተርፈው ማርማላታ። በጣም ያልበሰለውንና ልል ልል ያለውን ቀላቅለሽ ፍሬውን አውጥተሽ ከትፈሽ፣ ለአንድ ኪሎ ስድስት ሰባት መቶ ግራም ስኳር ነስንሰሽ አሳድሪው፣ ውሃ እንዳትጨምሪ እራሱ ያወጣል። በነጋታው የአንድ ሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርገሽ ከሰል ላይ እያማሰልሽ፣ ፍሪጅ የቆየ ሰሃን ላይ ጠብ ሲል ካልሮጠ ደርሷል። ብልቃጡ በፈላ ውሃ የታጠበና የደረቀ ይሁን፣ አለዚያ ይሻግትብሻል።

የግንፍሌ ልጅ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም (ወንድ ነኝ በነገራችን ላይ 😄)። ለእማማ አነበብኩላት፣ በሃይላንዱ ነገር ስቃ ስቃ ሞተች ግን ትናንት ሰርተን ሞከርነው በደንብ ይሰራል፣ አሁን እራሷ ከእጄ አትለቀውም። ቡሄ ይሁን ብላለች። አራተኛ ፎቅ ና፣ በለስ ይዘህ ና ግን ተልጦ። ሱፉንም እራሷ ልትወቅጥ ነው። ከዛ ስልክ መደወል ጀመርን፣ ሰባት ቤት ነው በጣቷ የቆጠረችው፣ ከሰባቱ አምስቱ እንመጣለን ብለዋል አንዱ ስልኩ አይሰራም። የካ አባዶ የገቡት እትዬ ስልኩን ሲያነሱ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ምን አሉ መሰላችሁ፣ "ሰፌዳችሁ እኮ እኔ ጋ ነው፣ የዛን ጊዜ በጥድፊያ ከዕቃ ጋር ጭኜው መጣሁ፣ ባዶውን አላመጣውም ቆሎ እየቆላሁ ነው።"