ድፍድፌ ላይ አረንጓዴ ነገር በቀለ፤ ገፍፌ ልጠቀምበት ወይስ ልድፋው?

ጠያቂ (አዲስ አበባ)፦ እባካችሁ ጠላ የምታውቁ እርዱኝ። የልጄ ክርስትና ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ጠመቅሁ። የጌሾውን ጥንስስ 3 ቀን አቆየሁ፤ ብቅልና ቂጣ ጨመርኩ፤ ከዚያ በአሻሮ ደፈደፍኩ። ዕቃው 60 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ በርሜል ነው። ዛሬ በ5ኛው ቀን ላዩ ነጭ ለብሷል። ዳር ዳሩን ደግሞ ጸጉር ያበቀለ አረንጓዴ ነገር አለ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ፣ እርጥብ ጆንያ ጆንያ ይሸታል። ገፍፌው ብዘልለውስ? አረቄ ይወጣዋል ያሉኝም አሉ። ብዙ ብር ስለወጣበት መድፋቱ አንጀቴን እየበላው ነው።

አንዲት እናት (ደብረ ማርቆስ)፦ አይዞሽ ልጄ። እኔም አዲስ ሙሽራ ሳለሁ አንድ ጋን ሙሉ ደፍቻለሁ። ነጩ ብቻ ቢሆን አልደነግጥም ነበር። ጸጉር ካበቀለ ግን አለቀለት። በርሜሉን በምን አጠብሽው? ወይራ አጥነሽዋል? በየቀኑስ ትከፍችው ነበር?

ጠያቂ፦ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ነው ያጠብኩት፣ እናቴ። ፕላስቲኩ ይቀልጣል ብዬ አላጠንኩትም። አዎ፣ ጠዋት ማታ እየከፈትኩ አየው ነበር።

የምግብ ላቦራቶሪ ሠራተኛ፦ እህቴ፣ ነገሩን ለይተሽ እዪው። ስስና የተጨማደደው ነጭ ሽፋን የዱር እርሾ ነው። ጣዕም ያበላሻል እንጂ ብዙም አያስፈራም። የኮምጣጤው ሽታ አየር ሲያገኙ አልኮሉን ወደ አሲድ የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች ሥራ ነው፤ ጠዋት ማታ መክፈትሽ ረድቷቸዋል። አረንጓዴው ግን ሻጋታ ነው። ላዩን ብትገፊው ሥሩ ወደ ውስጥ ወርዷል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ጉበት ይጎዳል፤ ብታፈይውም አይጠፋም። ስለዚህ መግፈፉም አረቄውም ይቅርብሽ። የተረፈሽ ብቅል ካለ እስቲ አሽትቺው፤ እኔ የምጠረጥረው እሱን ነው።

ጠያቂ፦ አሸተትኩት። በፌስታል ታስሮ ተጓጉሏል፤ ሽታው ያው የጆንያው ነው! ተፈጭቶ ስለገዛሁት እህሉን አላየሁትም።

ላም አርቢ (ሱሉልታ)፦ አንድ ነገር ልጨምር። አተላውን ለላም እንዳትሰጪ። የአፍላቶክሲን መርዝ ከመኖ ወደ ወተት ያልፋል፤ ወተቱን የሚጠጡት ደግሞ ሕጻናት ናቸው። ጉድጓድ አስቆፍረሽ ቅበሪው።

እናት (ደብረ ማርቆስ)፦ ልክ ብሏል። አሁን ወደ ሥራሽ ተመለሽ፤ ሁለት ሳምንት ይበቃሻል። ብቅሉን ሳይፈጭ ግዢ። ጥሩ ብቅል ደረቅ ነው፤ ሲነክሱት ይጣፍጣል። ፀሐይ አስመትተሽ ራስሽ አስፈጪው። በርሜሉን ተዪው፤ ውስጡ የተጫረ ፕላስቲክ ብትፈትጊውም አይጠራም። ጋን ተዋሺ። በግራዋ ቅጠል ፈትገሽ ሦስት ጊዜ እጠቢው፤ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ከዚያ ወይራ አጭሺና ጋኑን ድፊበት፤ ጭሱ ውስጡን በደንብ ይጥገብ። አሻሮው ሳይበርድ እንዳትጨምሪ። በጌሾውም አትሰስቺ፤ ጠላውን ከመበላሸት የሚጠብቅልሽ እሱ ነው። አፉን ከድነሽ እሰሪው፤ አትነካኪው። እንዴት እንደሆነ ማወቅ ካማረሽ ጆሮሽን አስጠጊ፤ ሲንተከተክ ይሰማሻል።

ጠያቂ፦ ቀበርኩት። ጎረቤቴ ጋን አውሳኛለች፤ ግራዋውም ከግቢዋ ነው። ሰኞ እጠነስሳለሁ። ሐሙስ ብቅሉን ስጨምር ሽታው እንዴት እንደሆነ እጽፍላችኋለሁ።