ከኤረር በር ውጭ ቤት ልንሠራ ነበር፤ «የገጽታ ተፅዕኖ» የሚባለው እንዴት ነው የሚለካው?

የማኅበር ቤት፦
ሰላም ሐረሮች። በቤት ማኅበራችን 24 ነን። ከኤረር በር ወጥቶ ቁልቁል ሲወረድ ያለውን ዳገታማ ቦታ ጠይቀን ነበር፣ ባለ አንድ ፎቅ ልንሠራበት። ፋይሉ ተመለሰ። «የጁገል ጥበቃ ክልል ስለሆነ በገጽታው ላይ የሚያመጣው ተፅዕኖ ይጠና» ይላል፤ ጁገል ያው በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማችን ነው። ውሃና አፈር ቢሉኝ ይገባኛል፤ እይታ ግን እንዴት ነው የሚጠናው? ለአንዱ ያማረው ለሌላው አያምረውም። ብር ማዋጣት ከጀመርን ሁለት ዓመታችን ነው። አቦ ያወቀ ይንገረን።

ቀያሹ፦
ወንድሜ፣ የሚለካው ማማሩ አይደለም። መጀመሪያ ቤቱ ከየት ከየት ይታያል? የእናንተ ከበሩ፣ ከታች ካለው መንገድና ከሀኪም ጋራ ይታያል። ቀጥሎ እዚያ ቆሞ የሚያየው ማን ነው፣ በመኪና ሽው የሚል ነው ወይስ በየቀኑ በእግሩ የሚወጣ? ከዚያ አሁን ከሚያየው ምን ያህሉ ይቀየርበታል? በቃ፣ ሌላው ወረቀት ነው።
ካርታ ከማሠራታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። በየቤቱ ጥግ በጣሪያው ቁመት ልክ እንጨት ትከሉና ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ። ከታች መንገዱ ላይ ቁሙና፣ ስልካችሁን ዙም ሳታደርጉ ፎቶ አንሱ። ጨርቁ ግንቡን ከጋረደ ያ ቤት አያስኬድም። ከሀኪም ጋራ ደግሞ ቁመቱ ብዙ አያስቸግርም፣ ከላይ ወደ ታች ስለሆነ የሚታየው ጣሪያ ነው። አዲስ ቆርቆሮ በረፋድ ፀሐይ እንዴት ዓይን እንደሚወጋ ታውቃለህ።

የጌይ ልጅ፦
ዩኔስኮ ጁገልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ግንቡን ብቻ መስሎህ ነው? በሸዋ በር በኩል ከተማው ግንቡ ላይ ተለጥፏል፣ አልቋል። ከበር ወጥተህ ወዲያው እርሻና ጫት የምታገኘው በእናንተ በኩል ነው። አያቴ ከገጠር ስትመለስ ግንቡ ከሩቅ ሲታያት ነበር «ደረስን» የምትለን፣ ገና ግማሽ ሰዓት መንገድ እየቀረን። ደግሞ ቀልድ እንዳይመስልህ፣ የጀርመኗ ድሬዝደን ወንዟ ላይ ድልድይ ሠርታ እይታውን ስላበላሸች እ.ኤ.አ. በ2009 ከመዝገቡ ተሰርዛለች። ቤት አትሥሩ አላልኩም ወላሂ፣ እኔም ተከራይ ነኝ።

ስደተኛው፦
እንግሊዝ አገር በፕላን ሥራ ላይ ነኝ። እዚህ ሁለቱን ለያይተው ነው የሚያጠኑት፤ መሬቱ ራሱ ምን ይሆናል የሚለው አንድ፣ ሰው የሚያየው ምን ይሆናል የሚለው ሌላ። ማንም ባያየው እንኳ እርከኑን በዶዘር ደልድለህ ከጣልከው ጉዳት ነው። ፎቶውን ደግሞ ቅጠል በረገፈበት በክረምታቸው ያነሱታል፣ ዛፍ እየሸፈነ እንዳያታልል። እናንተ ማሽላው ከታጨደ በኋላ አንሱ። አሁን ማሽላው ቆሞ እያለ ብታነሱ ምንም አይታይም፣ በጥር ግን ሁሉም ነገር ይጋለጣል። ማታም ሂዱ፤ ዛሬ ጨለማ የሆነው ዳገት በ24 ቤት መብራት ሌላ ነገር ነው።

ቀያሹ፦
ልክ ነው፣ ማሽላውን ረስቼው። አንድ ነገር ልጨምር። በአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የሚሠራ ጥናት ከሆነ፣ ሪፖርቱ ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት ይሰበሰብበታል። ፎቶውን አሳምራችሁ ብታቀርቡ የሰፈሩ ሰው ያጋልጣችኋል።

የማኅበር ቤት፦
አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ከሦስት ልጆች ጋር ወጥተን እንጨት ተከልን። ጨርቅ ስላጣን የእህቴን ሻሽ ቀደድነው፣ እስካሁን አላናገረችኝም። ማሽላው እንዳለ ሆኖ እንኳ የላይኛው ረድፍ ስድስቱም ከመንገዱ ግንቡን ይጋርዳሉ። የታችኞቹ ግን ግንቡን አይነኩም። ስድስቱን ያለ ፎቅ ምድር ላይ ብቻ እናድርጋቸው ወይስ እንተዋቸው የሚለው ላይ እየተጨቃጨቅን ነው። ደግነቱ ዕጣ አልወጣም። ማን የላይኛው ረድፍ እንደሚደርሰው ሳይታወቅ በዚህ ሳምንት ስብሰባ ጠርተናል፤ ከዕጣ በኋላማ ማን ይሰማል።